ይድነቃቸው ተሰማና የ1954ቱ ዋንጫ

በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ስማቸው ለሠልጣኙም ለመምህሩም እንግዳ አይደለም። ይድነቃቸው ተሰማ ሲባል አንዱ ተጫዋች ነበሩ ይላል፤ ሌላው አሠልጣኝ፣ ሌላው ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንት። ሁሉም ልክ ነው። እኛ ይበልጥ የምናወሳው ግን ብሔራዊ ቡድናችንን ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይዘው የቀረቡበትን ጊዜ፣ ከዚያም በፊትና በኋላ የቆሙለትን ነገር ነው።

የተወለዱት ልክ በዘመን መለወጫ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ስማቸው የታወቀ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ወደ ኳሱ አዘነበሉ። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሲቋቋም ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ለክለቡ 23 ዓመት ተሰልፈው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቧል። በየጨዋታው አንድ ጎል ለመሙላት ምን ቀራቸው!

ክለቡ ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ። ፋሽስቱ አገዛዝ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ እንዲኖር የዘር ሕግ አወጣ፤ ኳሱም ከዚህ አላመለጠም። ይድነቃቸው የወጣትነት ዘመናቸውን የተጫወቱት በዚህ ዓይነት ሁኔታ ነው። ይህን ያነሳነው በኋላ ካርቱም ላይ የሆነውን ለመረዳት ስለሚያግዝ ነው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። የመጀመሪያው ዋንጫም እዚያው ሊካሄድ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ ድብልቅ አልክም አለች። አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ታዲያ የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ መሆን የነበረባት ኢትዮጵያ ነበረች። ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ፣ እግሩን ሳያፍታታ ፍጻሜ ገባና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ ነው። ያለ ጨዋታ ፍጻሜ መግባት ዕድል ይመስላል እንጂ ለዝግጅት የሚጠቅም ነገር አይደለም። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም ግብፅ ደግማ 4 ለ 0 አሸነፈችን።

እንግዲህ በ1954 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው የተረከቡት ሸክም ይህ ነበር፤ ስምንት ጎል ገብቶበት በግብፅ ላይ አንድም ያላገባ ቡድን። ተጫዋቾቹ ከአዲስ አበባም ከአስመራም የመጡ ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። የጣሊያን ወረራ ገና ከሰው አእምሮ ባልወጣበት ዘመን የአምበልነቱ ምልክት በጣሊያናዊ ልጅ ክንድ ላይ መታየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። እኛ እንደምንገምተው፣ ካርቱም ላይ ለሌላው የተጠየቀው ነገር እዚህ በገዛ ቤታችን ሥራ ላይ ዋለ።

ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ ሁለት ጎል ቀደመች። ሕዝቡ ክው አለ። ቡድኑ ግን አልተበተነም፤ አራት አግብቶ 4 ለ 2 ወጣ። ከዚያ ጥምቀት ሆነ። ታቦታቱ ገብተው ሳይውል ሳያድር፣ እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ያችው ግብፅ (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በፍጻሜው መጣች። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አገባ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳያልቅ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። እንዲህ ያለ ጎል የብዙ ቡድን ወገብ ይቆርጣል። የእኛዎቹ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር እንደገና አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪው ጊዜ አንድ ጨመሩ፤ ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስገባ። ሁለቱ ቫሳሎዎችም አንዳንድ ጎል ነበራቸው። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ዋንጫው ከዚያ ወዲህ ወደ አገራችን አልተመለሰም።

አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ትግላቸውን ወደ ስብሰባ አዳራሹ ወሰዱት። ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጠቅላላ አንድ ቦታ ብቻ ሲመድብ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አፍሪካ የራሷ ቦታ ነበራት፤ ሞሮኮ ሄደችበት። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ከአፍሪካ ሜዳ እንዲርቅ ታግለዋል። ውጭ አገር የሚጫወቱ አፍሪካውያን በብሔራዊ ቡድን ውስጥ ቁጥራቸው እንዲገደብም ይፈልጉ ነበር፤ በዚህኛው ላይ እንኳ ከዝግጅት ክፍላችን መካከል የማይስማማ አለ፣ ክርክሩም ገና አላለቀም።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ግን ንቅንቅ አላሉም። ፊፋ አገሪቱን በ1954 ዓ.ም. አገደ፣ በ1955 መለሰ፣ በ1957 እንደገና አገደ፣ በ1968 አባረረ። አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ጉዳዩ ገና መቋጫ አላገኘም ነበር። ደቡብ አፍሪካ ወደ ኮንፌዴሬሽኑ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. በገዛ ሜዳዋ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ቡድኑ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ሲሆን፣ አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ፣ ሽልማቱ ላይ ማልያ ለብሰው ከጎኑ የቆሙት ፕሬዚዳንት ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ።