የአበበ ቢቂላን እግሮች ያስቆመች አንዲት ሌሊት

ስለ አበበ ቢቂላ ሲወራ ሁላችንም ቀድመን የምናነሳው ሮምን ነው። ባዶ እግሩን ሮጦ ዓለምን ጉድ ያሰኘበትን ምሽት። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ሳይወራ የሚታለፈውን የታሪኩን ክፍል ልንነግራችሁ ነው፤ የመኪናውን። አንብባችሁ ስትጨርሱ መኪና ውስጥ ስትገቡ የምታደርጉት አንድ ነገር ቢቀየር ለእኛ በቂ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ሩጫውን በደንብ የያዘውም እዚያው፣ በስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ስር ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ እዚህ አገር የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ሮም ላይ ደግሞ አበበ ያለ ጫማ እየሮጠ ነው። ጣሊያን ከአክሱም ወስዳ ባቆመችው ሐውልት በኩል አልፎ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደገመው። ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 40 ቀን ገደማ ቢሆነው ነው። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በድጋሚ የዓለም ክብረ ወሰን። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ውድድሩን ጨርሶ ሌላው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ እሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ከዚህ ድል በኋላ ከንጉሡ ከተሰጡት ሽልማቶች አንዱ መኪና ነበር፤ ቮልስ።

ጥቅምት 1961 ዓ.ም ሜክሲኮ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ተሰለፈ። እግሩ ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ይዞት መጣ። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት፣ አበበ የሚነዳት ያቺ ቮልስ ተገለበጠች። እሱም ውስጧ እንደተቀረቀረ ነጋበት። ሰው ያወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው።

የአከርካሪ አጥንቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳን ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ያህል ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ያኔ ገና 36 ዓመቱ ነበር። የአራት ልጆች አባትም ነው።

እሱ ግን እጅ አልሰጠም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚደረግ የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም ግን፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ አረፈ። ገና 41 ዓመቱ ነበር። አገር ሁሉ አለቀሰለት። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እስኪ አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ያንን ሁሉ ኪሎ ሜትር የቻለ አካል፣ ከቀዶ ሕክምና ተነስቶ ዓለምን ያሸነፈ አካል፣ መኪና ሲገለበጥ ግን እንደማንኛውም ሰው አካል ነው። ጉልበትና ስፖርት እዚያ ላይ አይሠሩም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ፣ ያልታሰረ ሰው ከሦስተኛ ፎቅ እንደመውደቅ ያለ ምት ነው የሚያርፍበት። መኪናው ቢቆምም ሰውየው አይቆምም፤ ወደ መሪው፣ ወደ መስታወቱ፣ ወደ ፊት ተቀማጩ ይወረወራል።

ዛሬ የምናውቀውን፣ ትከሻና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ የሠራው የቮልቮ መሐንዲሱ ኒልስ ቦሊን ነው። እሱም እንደ አበበ አሰልጣኝ ስዊድናዊ ነው። ቀበቶው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪና ጋር ተገጥሞ የወጣው በ1951 ዓ.ም፣ ከሮሙ ድል አንድ ዓመት በፊት ነው። ቮልቮም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ሰው ግን ቶሎ አለመደውም። ማሰርን በሕግ በማስገደድ ከቀዳሚዎቹ አንዷ የሆነችው የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እንኳን ሕጉን ያወጣችው አበበ ከተጎዳ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ስለዚህ ይህን የምንለው አበበን ለመውቀስ አይደለም። በእሱ ዘመን ልማዱ አልነበረም። የእኛ ሰበብ ግን ምንድነው?

ዛሬ የእኛም ሕግ ያዛል። ቀበቶው መኪናው ውስጥ አለ። እኛ ግን ትራፊክ ፖሊስ ስናይ እንስበዋለን፣ ስናልፈው እንለቀዋለን። አንዳንዱ ሳይቆልፍ ደረቱ ላይ ጣል ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር የሾፌርንና የፊት ተሳፋሪን የመሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካላሰረ ደግሞ ለራሱም፣ ከፊቱ ላለውም አደጋ ነው።

ልጆችስ? አሁንም ብዙዎቻችን ሕፃን ታቅፈን ፊት ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ክንዳችን የሚይዘው ይመስለናል። በዚያው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግጭት ሲደርስ ግን 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም፤ የእናት ክንድም ቢሆን። ሕፃን ቦታው ኋላ ወንበር ላይ፣ ለዕድሜውና ለቁመቱ በተሠራ የልጆች መቀመጫ ውስጥ ነው። ጨቅላ ከሆነ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ። ኤርባግ ያለው የፊት ወንበር ላይ ግን እንዲህ ያለ መቀመጫ በፍጹም እንዳታስቀምጡ፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ልጁን ነው የሚመታው።

መቀመጫው ውድ ነው፣ እናውቃለን። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከስልክና ከጫማ በፊት እሱን ላኩልን በሉት። ቀበቶው ግን በነፃ ነው፤ የታችኛውን ከሆድ በታች ዳሌ ላይ፣ የላይኛውን በትከሻ ላይ አድርጎ ቀጭ ማድረግ ብቻ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ዛሬ ማታ ራይድም ሆነ የጓደኛ መኪና ውስጥ ስትገቡ እሰሩ። ሾፌሩ ካላሰረም ሳታፍሩ ንገሩት። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ልጅ ታቅፎ ፊት ለሚቀመጥ አንድ ለምታውቁት ሰው ላኩለት።