ዘይድ፦ የአባቱ ስም የተመለሰለት ልጅ

 

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ከሰሓባዎች መካከል በቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠቀሰው አንድ ብቻ እንደሆነ ታውቃላችሁ? አቡበክር ወይም ዑመር እንዳይመስላችሁ። በልጅነቱ ተማርኮ ገበያ ላይ የተሸጠው ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) ነው።

ዘይድ የከልብ ጎሳ ልጅ ነበር። ከእናቱ ጋር ዘመድ ሊጠይቅ በሄደበት ወራሪዎች ማረኩትና ዑካዝ ገበያ ላይ ሸጡት። የገዛው ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ለአክስቱ ለእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ሰጣቸው፤ እሳቸውም ለባለቤታቸው ለሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጡ።

አባቱ ሓሪሳ በናፍቆት ሲቃጠል ኖሮ ልጁ መካ እንዳለ ሲሰማ፣ ከወንድሙ ጋር የማስለቀቂያ ገንዘብ ይዞ መጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምርጫውን ለዘይድ ተዉለት፤ መሄድ ከፈለገ ያለ ምንም ክፍያ ሊለቁት። ዘይድ ከእሳቸው ጋር መቆየትን መረጠ። ያኔ ወደ ካዕባ ወስደው ልጃቸው መሆኑን በሰው ፊት አወጁ። የአባቱም ልብ ረጋ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይለው ጀመር።

ከዓመታት በኋላ የሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ወረደ፦ ልጆች በወላጅ አባታቸው ስም ይጠሩ፤ አባታቸው ያልታወቀም የሃይማኖት ወንድሞች ናቸው። እስቲ አስቡት፤ የነቢይ ልጅ ተብሎ ከመጠራት የሚበልጥ ምን ክብር አለ? ዘይድ ግን ወደ ሓሪሳ ልጅነቱ ተመለሰ። የተለወጠው መጠሪያው እንጂ ፍቅሩ አልነበረም።

ከዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ጋር የነበረው ትዳሩም አልሰመረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሚስቱን እንዲይዝ ቢመክሩትም በፍቺ አበቃ። ስሙ በ37ኛው አንቀጽ የተነሳው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ የማደጎ ልጅ በሕግ እንደ አብራክ ልጅ እንደማይቆጠር ለማስተማር። ፍቺው ግን ክብሩን አልቀነሰበትም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ የመጀመሪያው አዛዥ ሆኖ ዘመተ፤ እዚያው ሸሂድ ሆነ።

ዘይድ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ከተንከባከበቻቸው ሐበሻዊት ከኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ኡሳማን ወልዷል። አባት ቀይ፣ ልጅ ጥቁር ስለነበሩ ሰዎች ነሰቡን ያሙት ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ተሸፋፍነው እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው ሳለ፣ ዝምድናን ከመልክና ከእግር በመለየት የታወቀው ሙጀዚዝ አያቸውና እግሮቹ የአባትና የልጅ መሆናቸውን ተናገረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደስታቸው ፊታቸው ላይ እያበራ ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገቡ። የአንድ ልጅ ነሰብ ከሐሜት መጥራቱ ይህን ያህል አስደሰታቸው!

በአገራችን ከስማችን ቀጥሎ የሚጻፈው የአባታችን ስም ነው። የቲም ወይም የዘመድ ልጅ የምታሳድጉ፣ አብሉት፣ አስተምሩት፣ እቀፉት፤ የአባቱን ስም ግን አትውሰዱበት። የተፋታችሁ፣ በቂም ተነሳስታችሁ ልጁን አባቱን አታስክዱት፤ አባትም ልጁን አይካድ። የጎረቤት ልጅ መልኩ አባቱን አልመሰለም ብላችሁ አትሙ። ትዳር በጠላቅ ይፈርሳል፤ የልጅ ነሰብ ግን አይፈርስም፤ የልጁ ሐቅ ነውና።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አብዙ። አላህ የልጆችን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።