ራልፍ ሳሙኤልሰን፦ የውኃ ላይ ስኪ ጀማሪ

በሀዋሳ ከተማ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ፍቅር ሐይቅ ሲወርድ ጎብኚዎችን የሚያንሸራሽሩ የሞተር ጀልባዎችን ማየቱ የተለመደ ነው። በሌሎች አገሮች ሐይቆች ላይ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ኋላ ገመድ ጨብጦ፣ በአንዲት ጠባብ ስኪ ላይ ሁለት እግሩን አስከትሎ የቆመ ሰው ውኃውን እየሰነጠቀ ሲያልፍ ይታያል። የዚህ ስፖርት መነሻ የተመዘገበው በስፋቱ ከሀዋሳ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ የአሜሪካ ሐይቅ ላይ ሲሆን፣ ጀማሪው ራልፍ ሳሙኤልሰን ይባላል።

ሳሙኤልሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ያደገባት ሌክ ሲቲ በሚኒሶታ ግዛት፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ተንጣሎ የፔፒን ሐይቅን በሚፈጥርበት ሥፍራ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በዘመኑ ከጀልባ ጋር በታሰረ ሰፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ መጎተት የታወቀ መዝናኛ ነበር። ወጣቱ ግን ገመዱን ሰውየው ራሱ ቢይዝና ሳንቃዎቹ ከእግሩ ጋር ቢታሰሩ፣ በክረምት በበረዶ ላይ የሚደረገው በበጋ በውኃ ላይ የማይደረግበት ምክንያት እንደሌለ አሰበ።

በመጀመሪያ የበርሜል ጣውላዎችን፣ ቀጥሎም የበረዶ ስኪዎችን ሞከረ። ሁለቱም ክብደቱን ሊሸከሙ አልቻሉም። በዚህም ምክንያት 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸው ሁለት የጥድ ሳንቃዎችን ገዛ፤ ጫፋቸውን በእናቱ የመዳብ ድስት ቀቅሎ ወደ ላይ አጎበጣቸው፤ መካከላቸው ላይም እግር ማስገቢያ ጠፍር መታ። ለመያዣ የሚሆን የብረት ቀለበት በአንጥረኛ አሠርቶ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ገመድ ጫፍ ላይ አሰረ። ጎታቹ ወንድሙ ቤን ሲሆን፣ የጀልባው ሞተር ከጭነት መኪና የተወሰደ ነበር።

ሙከራው ለቀናት ከመውደቅ በስተቀር ውጤት አላሳየም። ችግሩ ጀልባው ሲነሳ የሳንቃዎቹ ጫፍ ከውኃው እኩል ወይም ከውኃው በታች መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1922 (ሰኔ 25 ቀን 1914 ዓ.ም)፣ 19ኛ ዓመቱን ሊይዝ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ጫፎቹን ከውኃው በላይ አድርጎ ጠበቀ። ጀልባው ሲጎትተውም ቆሞ ሄደ።

ይህ ቀላል የሚመስል ግኝት ዛሬም የጀማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ተማሪው ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ጫፉን ከውኃ አውጥቶ ጀልባው እንዲያነሳው ይጠብቃል፤ ገመዱን ወደ ራሱ የሳበ ይወድቃል። በሁለት ስኪ መቆም ከለመደ በኋላ ክብደቱን በአንደኛው እግር ላይ አሳርፎ ሌላውን ስኪ ቀስ ብሎ ይጥላል፤ ነፃ የሆነውንም እግር ከፊተኛው ኋላ ያስገባል። ከውኃው ውስጥ በአንድ ስኪ ብቻ መነሳት የሚከብደው የሚሸከመው ገጽ ጠባብ ስለሆነ ነው። ስላሎም በሚባለው ውድድር ጀልባው መካከሉን ይዞ በቀጥታ ሲጓዝ ተወዳዳሪው ግራና ቀኝ የተቀመጡ 6 ተንሳፋፊ ምልክቶችን ይዞራል። የወንዶች ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚያጥረው ገመዱ ነው።

ሳሙኤልሰን በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1925 ግማሹ ውኃ ውስጥ በሰጠመ የመዋኛ መድረክ ላይ የአሳማ ሞራ ቀብቶ በስኪ ዘለለ። በዚያው ዓመት በውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ተጎትቶ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዙም ይነገርለታል። እስከ ፍሎሪዳ ድረስ እየተዘዋወረ ትርኢት አሳየ።

ያላደረገው አንድ ነገር ቢኖር ማስመዝገብ ነው። የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ1925 በውኃ ስኪ ላይ የባለቤትነት መብት ያገኘው የኒው ዮርኩ ፍሬድ ዋለር ነው። ዋለር ኋላ ሲኒራማ የተባለውን ሰፊ የፊልም ማሳያ የፈጠረ ብርቱ ሰው በመሆኑ የሌላውን ሥራ ነጠቀ ማለት አይቻልም፤ ወረቀቱ ግን በእርሱ እጅ ነበር። ሳሙኤልሰን በጀርባው ላይ በደረሰበት ጉዳት ከውኃው ከራቀ በኋላ ተርኪ የተባሉትን ትላልቅ ዶሮዎች እያረባ ኖረ። ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ከአገሩ ሰዎች በስተቀር ስሙን የሚያነሳው አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ለዕረፍት ወደ ሌክ ሲቲ የሄደች አንዲት የሚኒሶታ ጋዜጠኛ የተሰቀሉ አሮጌ ሳንቃዎች ዓይኗ ውስጥ ገቡ፤ ጠየቀች፤ ባለቤቱንም አፈላልጋ ጻፈች። የአሜሪካ የውኃ ስኪ ማኅበር የቀረበውን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ሳሙኤልሰንን የመጀመሪያው የውኃ ስኪ ተጫዋች አድርጎ በይፋ ተቀበለ። የውኃ ስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ለትርኢት በቀረበበት ጊዜ እርሱ በሕይወት ነበር። ያረፈው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1977 ሲሆን፣ ሌክ ሲቲ የስፖርቱ የትውልድ ሥፍራ መሆኗን እያስታወሰች በየዓመቱ በዓል ታከብራለች።