ነርሷ ልዕልት ፀሐይ

የንጉሥ ልጅ በሽተኛ ታጥባለች፣ የሰው ቁስል ታስራለች ቢባል በአያቶቻችን ዘመን የሚያምን ሰው አይገኝም ነበር። የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ፀሐይ ግን ይህን ሥራ ወደውና መርጠው ያዙ። የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሲያርፉ ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ልዕልቲቱ ከእናታቸው ጋር ሆነው ለዘማቾች የቁስል መጠቅለያ ያሰናዱ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ከተሰደዱ በኋላ፣ በሎንዶን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተማሪ ሆነው ገቡ። ሦስት ዓመት ተምረው በነሐሴ 1931 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በመዝገብ የሰፈሩ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከዚያም አዋቂዎችን ማስታመም ለመማር ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ተዛወሩ።

ሕፃናትን ማስታመም ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሕፃን ግን የሚያመውን አይናገርም፤ ስለዚህ ነርሷ በዓይኗና በእጇ ትጠይቀዋለች። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ፣ ሳል የያዘው ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተነፈሰ እንደሆነ ሳምባ ምች ይጠረጠራል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሰውነቱ ውሃ ጎድሎታል ማለት ነው። ብዙ በሽተኞች በአንድ ጊዜ ሲመጡም በመጀመሪያ የሚታየው አብዝቶ የሚጮኸው አይደለም። የሚጮኸው ቢያንስ ይተነፍሳል፤ ዝም ብሎ የተኛው ነው የሚያስፈራው። በቅድሚያ የአየር መተላለፊያው፣ ቀጥሎ ትንፋሹ፣ ከዚያም የደሙ ዝውውር ይመረመራል።

ልዕልት ፀሐይ ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሌተና ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አግብተውም ወደ ወለጋ፣ ወደ ለቀምት ሄዱ። ትዳሩ ግን ዕድሜ አላገኘም፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም መፍሰስ እዚያው ለቀምት ላይ ዐረፉ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ነሐሴም ወለጋ ዝናቡ የሚበረታበት ወር ነው። የሌላውን ሕመም ማየት የተማሩት ነርስ፣ ለራሳቸው ደምና ቀዶ ጥገና በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ልዕልትነታቸው መንገዱን አላሳጠረውም።

አንባቢ ሆይ፣ ደም መፍሰስ ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ አይደለም። ሆድ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፤ ወጣት እናት ደግሞ ሰውነቷ ስለሚታገልላት የደም ግፊቷ ቶሎ አይወርድም። የላይኛው ግፊቷ 110፣ የልብ ትርታዋ በደቂቃ 120 ሆኖ ሲገኝ፣ ግፊቱን ብቻ ያየ ደኅና ናት ብሎ ይሄዳል። ትርታው ከግፊቱ መብለጡ ግን ብዙ ደም እንደ ጎደላት ያስጠረጥራል። የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ ላብ፣ መቁነጥነጥ፣ የሽንት ማነስም ምልክቶች ናቸው። በበርበሬው በሚታወቀው በማረቆ፣ በቆሼ ከተማ፣ አንድ ወጣት ነርስ እንዲህ ያለች እናት ብትመጣበት፣ እርዳታ ይጠራል እንጂ ብቻዋን ትቷት አይሄድም፤ አስተኝቶ ያለብሳታል፣ በወፍራም መርፌ ደም ሥር ይከፍታል፣ ፈሳሽ ይሰጣል፣ ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ከመላኩ በፊትም ደም እንዲዘጋጅላት ያስታውቃል። መኪናው እስኪመጣ ትርታዋን ደጋግሞ ቈጥሮ ከነሰዓቱ ይጽፋል። ወረዳ ላይ የምንሠራ የቢሮ ሰዎችም ድርሻ አለን፤ ለዚያ መኪና ነዳጅ የሚፈቅደው ነርሱ አይደለምና።

በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፣ ነርሶችም ተማሩበት። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። ዛሬ የታክሲ ረዳቱ ጦር ኃይሎች እያለ ሲጠራ የሚሳፈረው ተማሪ፣ ቦታው ድሮ ልዕልት ፀሐይ ይባል እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አያውቅም።