ካርል ዩንግ፦ ራሱን ያስታመመ ሐኪም

ካርል ጉስታቭ ዩንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. በስዊትዘርላንድ ተወለደ። በዙሪክ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ስሙ ገነነ። የሥነ ልቦና ሐኪም ሌላውን ከማከሙ በፊት ራሱ መመርመር አለበት ሲል በ1912 አሳሰበ፤ ሐሳቡም ውሎ አድሮ የሙያው ደንብ ሆነ።

በማግሥቱ ዓመት ከወዳጁ ከሲግመንድ ፍሮይድ ተለያየ። ወዲያው አስፈሪ ራእይ ያስጨንቀው ጀመር፤ አእምሮዬን እስታለሁ ብሎም ሰጋ። በ1914 የዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ተወ፤ ሕሙማኑንና ቤተሰቡን ግን አልተወም። ቀን ሲያክም ውሎ ማታ የገዛ ጭንቀቱን በማስታወሻ ይመዘግብ፣ በቀለምም ይሥል ነበር። ከ1923 ጀምሮ በቦሊንገን፣ በሐይቅ ዳር፣ የድንጋይ ቤት ሠርቶ ከሥራ እየራቀ ያርፍበት ነበር።

ዩንግ በ1961፣ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። የሐኪም ጭንቀት ነውር እንዳልሆነ፣ ቸል ማለቱ ግን ሕሙማንንም እንደሚጎዳ ሕይወቱ ያስገነዝባል።