ድንቹን በ150 ዶላር የሸጠው ሰው

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ የምትሠራበትን የዕፅዋት ምርምር ላቦራቶሪ ለማየት ሄጄ ነበር። ዕድሜውን በውል ረቂቅና በፍርድ ቤት ቀጠሮ የጨረሰ ሰው እዚያ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ፤ ግብዣው የእሷ ነው። መደርደሪያው ላይ የሕፃን ጡጦ የሚያክሉ ጠርሙሶች ተኮልኩለዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ስኳር፣ ማዕድንና የዕድገት ሆርሞን የተቀላቀለበት እንደ ጄሊ የረጋ ነገር አለ፤ በላዩ ላይ ጥፍር የምታክል ቅጠል ያወጣች ችግኝ ቆማለች። ቲሹ ካልቸር የሚሉት ይህንን ነው። ከአንድ ተክል ጫፍ በምላጭ የተቆረጠች ቅንጣት ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ ተባዝታ፣ ቁርጥ እናታቸውን የሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ችግኞች ትሰጣለች።

እኔን የገረመኝ ግን ከጠርሙሱ ይልቅ ደብተሩ ነው። ልጅቷ እያንዳንዱ ጠርሙስ ከየትኛው እናት ተክል፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ቅይጥ እንደተጀመረ ትመዘግባለች። የሞቱትን ሳይቀር ትመዘግባለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ እንደሚቆጠር ነገረችኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ። አንዱ ነፍሱን ይማረውና አባቴ ነው፤ እሱን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ። ሁለተኛው ዝነኛው አሜሪካዊ የዕፅዋት አዳቃይ ሉተር በርባንክ ነው። ስለ እሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በርባንክ በ1849 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ላንካስተር በምትባል ከተማ ተወለደ። ለአባቱ 13ኛ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠም። አባቱ ሲሞት በደረሰችው ውርስ 17 ኤከር፣ ማለትም 7 ሄክታር ገደማ መሬት ገዝቶ አትክልት እያመረተ መሸጥ ጀመረ። መምህሩ መጽሐፍ ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ስለ ቤት እንስሳትና ስለ እርሻ ዕፅዋት መለዋወጥ ያሳተመውን ሥራ አንብቦ፣ ሰው እያዳቀለና እየመረጠ ተክልን መለወጥ እንደሚችል አመነ።

እምነቱን የሚፈትንበት አጋጣሚም ብዙ አልራቀም። ድንች የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ነው፤ ዘር የያዘ ፍሬ እምብዛም አይገኝበትም። በርባንክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ማሳው ውስጥ እንዲህ ያለች አንዲት ፍሬ አገኘ። በውስጧ 23 ዘሮች ነበሩ። ሁሉንም ዘራቸው። ከበቀሉት መካከል አንዱ በመጠንም በምርትም ሌሎቹን አስከነዳ። ይህንን ድንች ለአንድ የዘር ነጋዴ በ150 ዶላር ሸጠው። ነጋዴው ድንቹን በበርባንክ ስም ጠራው፤ አሥር ፍሬ ይዞ እንዲሄድም ፈቀደለት። በርባንክ በ1875 አሥሯን ድንች ይዞ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሮዛ ገባ። ከዚያ ድንች በኋላ የተገኘው ባለ ሻካራ ቡናማ ልጣጭ ዝርያ ዛሬ በሰሜን አሜሪካ በስፋት ከሚመረቱት አንዱ ነው። አሜሪካ ሄዳችሁ ረዣዥም የድንች ጥብስ ከበላችሁ የእሱን የመብላታችሁ ዕድል ሰፊ ነው። ከዚያ ሁሉ ምርት ለአዳቃዩ የሚከፈል ድርሻ ግን አልነበረም።

ለምን? ነገሩ የሕግ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ አዲስ ማሽን የሠራ ሰው ፓተንት ያገኛል፤ አዲስ ተክል ያወጣ ግን አያገኝም። ተክል የተፈጥሮ ሥራ ነው ይባል ነበር። የበርባንክን ተክል አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ቆርጦ፣ ከትቦና አባዝቶ ቢሸጠው ከልካይ አልነበረውም።

እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1881 አንድ ባለሀብት በአንድ የእርሻ ወቅት 20,000 የፕሪም ችግኝ ፈለገ። በርባንክ ፈጥኖ የሚያድገውን አልሞንድ ዘርቶ፣ በላዩ የፕሪም እምቡጥ በመክተብ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አደረሰለት። ዝናውን ካገነኑት ሥራዎች አንዷ ደግሞ ነጭ አበባ ናት። በልጅነቱ የሚያውቃትን የመንገድ ዳር ዴዚ ከእንግሊዝና ከፖርቱጋል ዴዚዎች ጋር አዳቀላት፤ የአንዷን ብናኝ ወስዶ በሌላዋ ሴቴ ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ንጣቷ አላረካው ሲል ከጃፓን የመጣች ዘመዷን ጨመረባት። ይህ ሁሉ 17 ዓመት ፈጀ። በ1901 ለገበያ ሲያቀርባት በካሊፎርኒያው በረዶ ለባሽ ተራራ ስም ሻስታ ዴዚ አላት። አሠራሩ ሺዎችን ዘርቶ ጥቂቶችን መምረጥ፣ የቀሩትን ነቅሎ ማቃጠል ነበር። ከ50 ዓመት በላይ በቆየ ሥራው ከ800 የሚበልጡ ዝርያዎችን አወጣ። በ1915 ቶማስ ኤዲሰንና ሄንሪ ፎርድ ሳንታ ሮዛ ድረስ መጥተው ጎበኙት።

ሳይንቲስቶች ግን ተቸገሩበት። በ1905 የካርኔጊ ተቋም በዓመት 10,000 ዶላር ይሰጠው ጀመር፤ ሥራውን አጥንቶ እንዲመዘግብም ጆርጅ ሻል የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ላከ። ችግሩ የትኛው ተክል ከየትኛው እንደተወለደ፣ ስንቱ እንደከሸፈ በወጉ የሚያሳይ መዝገብ አለመኖሩ ነበር። አብዛኛው ነገር ያለው በበርባንክ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድጎማው ተቋረጠ። ኋላም በስሙ የተቋቋመ ኩባንያ፣ እሾህ የለሽ ነው የተባለለትን ቁልቋል፣ እኛ በለስ የምንለውን ዓይነት፣ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ ከሰረ። የሰውየውም ስም አብሮ ጎደፈ።

በርባንክን ከጥፋት ነፃ ላወጣው አልፈልግም። ደብተር መያዝ ፓተንት አይጠይቅም። ነገር ግን እኔ የሕጉንም ድርሻ አያለሁ። ፓተንት በመሠረቱ ውል ነው፤ ፈጣሪው የሚያውቀውን ለሕዝብ ይገልጻል፣ መንግሥት በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት መብቱን ይጠብቅለታል። ውሉ በሌለበት ምስጢር መግለጥ ለተፎካካሪ እንደ ማስረከብ ነው። አዳቃዩ መብቱን ያጣል፣ እኛ ደግሞ ዕውቀቱን እናጣለን።

በርባንክ በኤፕሪል 1926 በ77 ዓመቱ አረፈ። በገዛ ግቢው፣ በሊባኖስ ዝግባ ሥር ተቀበረ። ሕጉ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1930 የአሜሪካ ኮንግረስ ያለ ዘር የሚባዙ ተክሎች ፓተንት እንዲያገኙ ሲፈቅድ ኤዲሰን ሐሳቡን ደግፎ ነበር፤ በርባንክ በሕይወት ሳለ የጻፈው ደብዳቤም ለሕግ አውጪዎቹ ቀርቧል። ከሞተ በኋላ 16 የተክል ፓተንቶች በስሙ ተመዘገቡ። አስቂኙ ነገር ይኼው ሕግ እንደ ድንች ያሉትን፣ ለምግብ የሚውለው ክፍላቸው ራሱ የሚተከለውን፣ ከጥበቃው አስወጥቷቸዋል። በርባንክ በሕይወት ኖሮ ማመልከቻ ቢያስገባ እንኳ ለ150 ዶላሩ ድንች ፓተንት አያገኝም ነበር!

ሥራው ከማሳ ወደ ላቦራቶሪ የገባው በሌሎች እጅ ነው። ኦስትሪያዊው ሀበርላንት ነጠላ የተክል ህዋሶችን በብልቃጥ ለማሳደግ ያደረገውን ሙከራ በ1902 አሳተመ፤ ህዋሶቹ ቢኖሩም አልተከፋፈሉለትም፣ እሱ ግን ያልተሳካውንም ጽፎ አለፈ። በ1925 ጀርመናዊው ላይባክ፣ ዘራቸው ውስጥ የሚሞቱትን የተልባ ዘመዶች ዲቃላ ፅንሶች አውጥቶ በሰው ሠራሽ ምግብ አሳደጋቸው። በ1960 ፈረንሳዊው ሞሬል ኦርኪድን ከዕድገት ጫፉ በጠርሙስ ማባዛት እንደሚቻል አሳየ። እያንዳንዱ በቀዳሚው ጽሑፍ ላይ ቆሞ ነው የሠራው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ወደ ውጭ የምንልካቸው ጽጌረዳዎች አፈሩና ውኃው የእኛ ቢሆንም ዝርያቸው በአብዛኛው የአውሮፓ አዳቃዮች ነው፤ አምራቾች የባለመብት ክፍያ ይከፍሉባቸዋል። እኛም የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 481/1998 ነበረን፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1068/2009 ተተክቷል። ሕጉ አለ ማለት ነው። ሕግ ግን የሚጠብቀው ማስረዳት የሚችልን ሰው ነው። ዝርያው አዲስ መሆኑን፣ ከሌላው መለየቱን፣ ጠባዩ የማይለዋወጥ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ የሌለው አዳቃይ ፍርድ ቤት ቢቆም ምን ይዞ ይከራከራል?

አባቴን አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። ቢሾፍቱ በነበረን ግቢ ዘር እየዘራ፣ እየመረጠ ለዓመታት የደከመበት አንድ የኮክ ዛፍ ነበረው። እንደዚያ የሚጣፍጥ ኮክ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። ጎረቤት ቁራጭ ሲለምነው ይስቃል እንጂ አይሰጥም። እኛም ልጆቹ እንዴት እንዳገኘው አልጠየቅነውም፣ እሱም አልጻፈውም። እሱ በሞተ በጥቂት ዓመት ዛፉ ደረቀ። ከፍሬው ዘር ያበቀልናቸውም ያንን ጣዕም አልደገሙትም።

የልጅ ልጁ ግን የሞተውን ጠርሙስ ሳይቀር ትመዘግባለች። ቸር እንሰንብት።