አበበ ቢቂላ ሮም ከመድረሱ በፊት

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሁላችንም የምናውቃት አንድ ታሪክ አለች። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፣ ዓለምም ጉድ አለ። ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ሰዓት በሰው ቦታ የገባ፣ ዕድል የቀናው ወታደር ይመስላል። ዛሬ ከሮም በፊት የነበሩትን ዓመታት እናያለን። ምክንያቱም ያ ድል በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ አብዛኛው የተሠራውም እዚሁ በኛው አካባቢ፣ በሱሉልታ መንገድ ላይ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ጣልያን አገራችንን ስትወር ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ቤተሰቡ በጦርነቱ ምክንያት ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደሚባል ቦታ ተሰደደ፣ በኋላም ተመልሶ እርሻውን ቀጠለ። አበበም እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ገና እየተጫወተ አደገ። ገናን የተጫወተ ያውቀዋል፤ ግቡ ሩቅ ነው፣ መሮጥ የማይችል ሰው ሩሯን አያገኛትም።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሩጫውን አጥብቆ የያዘውም እዚያ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ ነበር። መንገዱን የምታውቁ አስቡት! በሚኒባስ እንኳን ሲኬድ የእንጦጦ ዳገት ቀላል አይደለም። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ያልለመደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። እዚያ የሚለማመድ ሯጭ ግን ሰውነቱ በትንሽ ኦክስጅን መሥራትን ይለምዳል፣ ዝቅ ወዳለ አገር ሲወርድ ይህ ትልቅ ጉልበት ይሆነዋል።

የክብር ዘበኛን ስፖርት ያሠለጥን የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን ወታደር ልብ አለው፣ ለማራቶንም ያዘጋጀው ጀመር።

ግን ወዲያው አንደኛ አልሆነም። በ1948 ዓ.ም. በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ዋሚ ቢራቱ ቀድሞት ሁለተኛ ወጣ። በወቅቱ የአገሩ ጀግና ሯጭ ዋሚ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትሳተፍም ሜልቦርን ከሄዱት መካከል አበበ አልነበረም። እሱ እዚሁ ቀርቶ ልምምዱን ቀጠለ። ሌላ ኦሊምፒክ እስኪመጣ አራት ዓመት ገደማ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ በድጋሚ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። የዚያን ጊዜው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ሲሆን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነበር። ልብ በሉ! አበበ ገና ሮም ሳይሄድ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሆኖ ከዛቶፔክ ክብረ ወሰን ፈጥኗል። ነገሩን ዓለም አላወቀም እንጂ ኒስካነን ያውቃል።

ሮም ላይ የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን አቆሰለው፤ ስለዚህ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውድድሩ ጳጉሜ 5 ቀን ነበር፣ የ1953 አዲስ ዓመት ዋዜማ። ጣልያን ከአክሱም ወስዳ ባቆመችው ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ መጨረሻው ላይ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት ሄደ። ሰዓቱ 2፡15፡16.2፣ የዓለም ፈጣን ሰዓት! ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ደገመው፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች አካሉን አሳጣው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ሁሉ ያነሳነው በምክንያት ነው። ዛሬም በማለዳ ሱሉልታም ሰበታም ብትወጡ ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ የሚሮጡ ልጆች ታያላችሁ። የሚለማመዱበት ሜዳ በግንባታ እየጠበበ ነው። አብዛኞቹን ማንም አያውቃቸውም፤ አንዳንዶቹ ዘንድሮ ሁለተኛ ወይ አሥረኛ ናቸው። አበበም በ1948 እንደዚያው ነበር። ሹፌሮች፣ እባካችሁ ስታዩአቸው ፍጥነት ቀንሱ። ሜዳ የመስጠት ሥልጣን ያላችሁም አስቡባቸው።

እናንተ ሰፈር የሚሮጡ ልጆች የት ነው የሚለማመዱት? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።